የማሽኑና የሃርዱ መቀናጆ

እኔ በሬ ገዝቼ አላውቅም፤ አርሼም አላውቅም። አምቦ ተወልጄ፣ አምቦ ተምሬ፣ አምቦ ውስጥ ኮምፒውተር እየጠገንኩ የምኖር የከተማ ሰው ነኝ። ሆኖም ለተወሰኑ ዓመታት ባለ በሬ ሆኜ ነበር። ሽማግሌዎች ፈርደውብኝ ይሁን ፈርደውልኝ እስከ ዛሬ አልለየሁም። በሬዬ ከመዳፍ ትንሽ ሰፋ የሚል ጥቁር ሃርድ ዲስክ ነው፤ የሚጠመደው ደግሞ ከአብሮ አደጌ የጌም ማሽን ጋር።

አብሮ አደጌ የአጥር ጎረቤቴም የክፍል ጓደኛዬም ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ብጽፈው «ማንን አስፈቅደህ ነው?» ብሎ ሲነታረከኝ ይከርማል። እነሱ ቤት ኦሮምኛ፣ እኛ ቤት አማርኛ ይነገራል። እኛ ሁለታችን ግን በአንዱ የጀመርነውን ወሬ በሌላው እየጨረስን ነው ያደግነው። ሰው ፊት እንዲህ ስናወራ አስተማሪዎቻችን ይቆጡን ነበር፤ እኛ ግን መቀየራችንን ራሱ ልብ አንለውም።

ማሽኑን ያገኘው ከአጎቱ ነው። አጎቱ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ አዲስ አበባ ከአንድ ሰው እጅ ገዝተው ለእህታቸው ልጅ አመጡለት። ሲመጣ ሌንሱ ደክሞ ነበር። ሲዲ ሲጎርስ እንደ አሮጌ ወፍጮ ያጓራል፣ ትንሽ ቆይቶ ይተፋዋል። ነገር ግን ጄልብሬክ የተደረገ ማሽን ነበር። ፋብሪካው ያሰረበትን ቁልፍ አንድ ሰው በሶፍትዌር ፈትቶለታል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ማሽን ሲዲ አይፈልግም፤ ጨዋታውን ከጎኑ ከተሰካለት ሃርድ ዲስክ ላይ ያነባል። አብሮ አደጌ ማሽን እንጂ ሃርድ አልነበረውም። ሃርዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ልጆች ይህን ነገር በስልካቸው ቪዲዮ አይተው በአንድ ከሰዓት ይጨርሱታል። እኔን ግን አሳሬን አብልቶኛል። የአምቦ ኢንተርኔት ያኔ ፎቶ ለማውረድም ስለሚያቃስት፣ ጨዋታዎቹን አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ሄጄ አስጫንኩ። ደስ ብሎኝ ተመልሼ አብሮ አደጌ ቢሰካው ማሽኑ ምንም አላይ አለ። ለካ ማሽኑ የሚያውቀው አንድ አሮጌ የፎርማት ዓይነት ብቻ ነው፤ ሱቁ ደግሞ በአዲሱ ፎርማት ነው የጫነልኝ። ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሬ መለስኩና ሃርዱን አጥፍቼ በአሮጌው ፎርማት አሰናዳሁት። አሮጌው ፎርማት ደግሞ የራሱ አመል አለው፤ ከአራት ጊጋ የሚበልጥ አንድ ወጥ ፋይል አይቀበልም። ስለዚህ ትልልቆቹን ጨዋታዎች ቆራርጬ መጫን ነበረብኝ። በመጨረሻም ሁሉም ጨዋታ የሚገባበት ፎልደር ማሽኑ የሚያውቀው ስም ሊኖረው ይገባል፤ ያውም በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል። ሌላ ስም ከሰጡት ዓይኑ እያየ የለም ይላል።

የጨዋታዎቹ ዝርዝር ስክሪኑ ላይ የወጣ ዕለት አብሮ አደጌ ትከሻዬን በጡጫ መታኝ። ሲደሰት እንዲህ ነው። ከኛ ግቢ ጋር አጥር የሚጋራ አንድ ክፍል ተከራየን፤ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥንና ሁለት ጆይስቲክ ይዘን ጌም ቤት ከፈትን። ማሽኑ የሱ፣ ሃርዱ የኔ፣ ቤቱ የሁለታችን። ከዚህ የዘለለ ውል አልነበረንም፤ የሚያስፈልገን መስሎም አልታየን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ባጃጁን በር ላይ ያቆመ ሾፌር ሁሉ ደንበኛችን ነበር።

የተጣላነው አክስቴ የሞተች ሳምንት ነው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት፤ ከኛው ጋር ነበር የምትኖረው። ስትሞት ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። ካስማውን የመታው አብሮ አደጌ ነው። የእድሩን ወንበር የተሸከመው፣ ውሃ ያመላለሰው እሱ ነው። ይህን አልክድም። ችግሩ ለዚያው ሳምንት አስቀድሞ የጌም ውድድር ማዘጋጀቱ ነበር። ከጌዶና ከጊንጪ ተጫዋቾች ተጠርተዋል፤ ወሬው ሳይደርሳቸው በማለዳ መኪና ተሳፍረው መጡ። እሱ እንደሚለው ድንኳን ውስጥ ገብቶ ጆሮዬ ላይ «ሰዎቹ መጥተዋል፣ ድምፁን ዘግቼ ላጫውታቸውና ልሸኛቸው?» ብሎኛል፤ እኔም ራሴን ነቅንቄለታለሁ። እኔ አላስታውስም። ልቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ራሱን ሳይነቀንቅ ይውላል እንዴ?

ድምፁንስ በእርግጥ ዘግቶታል። የቴሌቪዥኑን ድምፅ እንጂ የሰዉን ጉሮሮ የሚዘጋ ቁልፍ ግን የለም። ከቀትር በኋላ ከካቺሲ ዘመዶቻችን መጡ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ የቀብሩ ዕለት አልደረሱም ነበር። ከበሩ ጀምረው እያለቀሱ ገቡ፤ እናቴም ልትቀበላቸው እያለቀሰች ተነሳች። ልክ ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ «ጎል» የሚል የጋራ ጩኸት ተነሳ። ሐዘንተኛው ሁሉ ወደ አጥሩ ዞረ። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ቆመች።

ተነስቼ ወጣሁ። ጌም ቤቱ ስገባ ማንንም አላናገርኩም፤ የሃርዱን ኬብል ከማሽኑ ነቀልኩና በኪሴ ከተትኩት። ሃርድ ዲስክ በሥራ ላይ እያለ መንቀል እንደማይገባ ለደንበኛ ሁሉ የምሰብከው እኔው ነኝ። ስክሪኑ ላይ አንዱ ተጫዋች እግሩን እንዳነሳ ቀረ። የጌዶ ልጆች አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሱን ያያሉ። አብሮ አደጌ በር ላይ ያዘኝና «እንግዳ ፊት አዋረድከኝ» አለኝ። «አንተስ እናቴ ፊት ምን አደረግከኝ?» ብዬው ሄድኩ። ዛሬም እዚያው ድንኳን ውስጥ ብሆን እነቅለዋለሁ። ምናልባት ትንሽ ቀስ ብዬ።

ከዚያ ወዲህ ተኳረፍን። እሱ ማሽኑን ቤቱ ወሰደ፤ እኔ ሃርዱን ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ። ጌም ቤቱ ተዘጋ። መንገድ ላይ ስንገናኝ አንዳችን ጫማችንን፣ አንዳችን ስልካችንን እናያለን። ክረምቱ በዚህ ሁኔታ ገባ፣ ወጣም።

የጎደለኝ ቤቱ አልነበረም። እሱ ነው የናፈቀኝ። ከሌላ ሰው ጋር የማወራው ሁሉ በአማርኛ ብቻ ወይም በኦሮምኛ ብቻ ስለነበር ወሬዬ ጎዶሎ ሆነብኝ። ሥራ ቦታ አንድ የሚያስቅ ነገር ሳይ ለሱ የምነግርበትን አነጋገር ማሰናዳት እጀምራለሁ፣ ከዚያ መጣላታችን ትዝ ይለኛል። ይህን ሰው ለዘለቄታው ላጣው ነው ብዬ ፈራሁ። ሄጄ ላናግረው ደግሞ አልቻልኩም፤ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል።

ሽማግሌ የላከችው እናቴ ናት። እኔ ስቆጣ እንዲህ አለችኝ፦

«የሞተችው የኔ እህት ናት። ጩኸቱንም የሰማሁት እኔ ነኝ። እኔ ሳልቀየመው አንተ ምን ቤት ነህ?»

«እዚያ ድንኳን ውስጥ ፊትሽን አይቼዋለሁ» አልኳት።

«ደንግጬ ነው። መደንገጥና መቀየም አንድ ነው እንዴ? ካስማዬን የመታልኝን ልጅ አልቀየምም።»

ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው የእድራችን ዳኛ ናቸው። ሁለተኛው የአብሮ አደጌ እናት አጎት፣ ደንዲ ወረዳ ውስጥ ጤፍና ስንዴ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ ለዚሁ ጉዳይ ከጊንጪ ተሳፍረው ነው የመጡት። ተቀምጠን የሰማናቸው ተዘግቶ በከረመው ጌም ቤት ውስጥ ነው። እነሱ ባንዱ አግዳሚ፣ እኛ በሌላው። ሁለታችንም በደላችንን ተናገርን። የሱ በደል የእንግዳ ፊት ነው፣ የኔ የእናቴ ፊት። ሽማግሌዎቹ ሁለቱም በደል ነው አሉ። ይቅር ተባባሉ ተባልን፣ ተባባልን፤ ተሳሳሙ ተባልን፣ ትከሻ ለትከሻ ገጨን። ግን አፋችን ነው የታረቀው። ለዚያም ነው ወዲያው «ንብረታችንን እንለያይ» ያልነው፤ ሁለታችንም እኩል።

የእድሩ ዳኛ ነገሩ ቀላል መሰላቸው። «ሽጡና ተካፈሉ፣ ጣጣውም ያልቃል» አሉ።

የደንዲው አባት ግን «እስኪ የተጣላችሁበትን ነገር አምጡት፣ እንየው» አሉ። ማሽኑንና ሃርዱን አምጥተን መካከላችን ባለው በርጩማ ላይ አኖርናቸው። ሃርዱን አነሱት፣ በመዳፋቸው መዘኑት፣ መለሱት።

«ያ ኢጆሌ፣ ይቺ ትንሿ ያለ ትልቁ ትሠራለች?» ብለው ጠየቁ። «እናንተ ልጆች» ማለታቸው ነው።

«አትሠራም» አልኩ። ጨዋታዎቹ ለዚያ ማሽን የተሰናዱ ስለሆኑ ኮምፒውተር ላይ ፎልደር ብቻ ናቸው።

«ትልቁስ ያለ ትንሿ?»

«አይሠራም፤ ሌንሱ ሞቷል» አለ አብሮ አደጌ።

«እንግዲያው ይሄ መቀናጆ ነው» አሉ። «አንድ በሬ ያለው ሰው፣ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ይጠምዳል። ዛሬ ያንተን እርሻ፣ ነገ የሱን። ጥማድ የሚያደርጋቸው አብረው ሲቆሙ ነው። በሬውን ሸጦ የሚካፈል ገበሬ እርሻ ሊተው የቆረጠ ነው። እናንተ ልትተዉ ነው?»

እሱ ማሽኑን፣ እኔ ሃርዱን አየን። ሁለታችንም ልንተው አልፈለግንም፤ ይህንንም ቀና ብለን ስንተያይ አወቅን። የእድሩ ዳኛ ሳቁ። የደንዲው አባት ደንቡን ዘረዘሩልን። አንድ ሳምንት ማሽኑና ሃርዱ እኔ ቤት ይጠመዳሉ፣ አንድ ሳምንት እሱ ቤት። ባለ ተራው መብራቱን ይከፍላል፣ አቧራውን ይጠርጋል፣ የሳምንቱም ገቢ የሱ ነው። በሬ ሲረከቡም ሆነ ሲመልሱ ባለቤቱ ራሱ ይመጣል እንጂ ሰው አይልክም። ሲመለስም «እንዴት ዋለልህ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ባለ በሬ ይህን ካልጠየቀ ለበሬው ደንታ የለውም ማለት ነው። አንደኛው በሬ ከሞተ ግን መቀናጆው ፈረሰ፤ ባለ በሬው ሌላ ጓደኛ ይፈልጋል፣ ይህም ነውር የለውም።

እኔ ያኔ በልቤ ስቄ ነበር። ለሁለት የኤሌክትሪክ ዕቃ የበሬ ሕግ።

ጌም ቤቱን ለባለቤቱ መለስን። እኔ የእናቴን የፊት ክፍል፣ እሱ የአባቱን ሱቅ ጓዳ አዘጋጀን። የመጀመሪያው ተራ የኔ ነበር። እሁድ ከሰዓት ማሽኑን ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልሎ አመጣ። አስቀመጠ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዘ፣ መነሳቱን አይቶ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ግን ሪሞቱን አንስቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ዘጋው። ገባኝ፤ ለኔ የተላከ ሽሙጥ ነው። «ያንተ ቤት በድምፅ አይጫወቱም አይደል» ሊለኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። እንደወጣ ድምፁን ከፈትኩት።

ማግስቱን ሃርዱን ብሰካው ማሽኑ አላየውም። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤ ኬብል ቀየርኩ፤ ኮምፒውተሬ ላይ ፈተሽኩት፣ ደህና ነው። ሰዎች በር ላይ መጥተው ይመለሳሉ። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፣ ደውዬ አልጠይቅም ብዬ ቀኑን ሙሉ ታገልኩ። ወደ ማታ ላይ ስልኬ ጠራ። አብሮ አደጌ ነው፤ ከደንበኞች አንዱ ነግሮታል።

«በቀኝ በኩል ጥመደው» አለኝ።

«ምን?»

«በሬህ የቀኝ ነው። የግራው ቀዳዳ አያነበውም። ሁልጊዜ የምሰካው እኔ ስለነበርኩ አታውቅም።»

ማሽኑ ፊቱ ላይ ሁለት መሰኪያ አለው፤ ያን ሁሉ ሰዓት የግራውን ስነካካ ውያለሁ። በቀኙ ስሰካው ዝርዝሩ ወጣ። «ወጣ» አልኩት። «ጋሪዳ» አለና ዘጋው፤ «ጥሩ ነው» ማለቱ ነው። ከሐዘኑ ወዲህ በስልክ የተነጋገርነው የመጀመሪያው ወሬ ይህ ነበር፤ ከስድብ የማይሻል ቢመስልም ደስ ብሎኝ አደርኩ።

እሱም በተራው ተቸገረ። አንድ አዲስ ጨዋታ ከሆነ ልጅ ላይ አግኝቶ ሃርዱ ላይ ሊጭን ሲሞክር አልገባ አለው። ርክክቡ ላይ «እንዴት ሰነበተልህ?» ብዬ ደንቡን ስጠይቅ፣ «ትልቅ ጉርሻ አይውጥም» አለኝ ዓይኑን ሳያነሳ። ቁጭ ብዬ ፋይሉን እንዴት እንደሚቆረጥ አሳየሁት። እያሳየሁት እያለ አንዱን ነገር በኦሮምኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስኩት፤ ሁለታችንም ልብ አልነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ የበሬዎቹ ጤና ወሬያችን ሆነ። «ማሽንህ ይሞቃል፣ ማራገቢያው ይጮሃል።» «ሃርድህ ቀጭ ይላል፣ ሰምተኸዋል?» ሰምቼዋለሁ። ከነቀልኩት ቀን ጀምሮ ነበር ያን ድምፅ የለመደው። እሱም ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ያውቃል፤ አላነሳብኝም። ከበሬ ጤና ወደ አባቱ ወገብ ሕመም፣ ከዚያ ወደ ሥራ፣ ወደ ሰው ሐሜት ተሻገርን። አንድ ነገር ብቻ አልተለወጠም። እናቴ ቤት ማሽኑን ባስረከበ ቁጥር፣ ከመውጣቱ በፊት ድምፁን ይዘጋል። አሁን ግን ሽሙጥ መሆኑን መጠራጠር ጀምሬ ነበር፤ ሲዘጋው ፊቱ የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረም። እንዳልጠይቀው የተዘጋውን ነገር መክፈት ሆነብኝ።

ከዚያ አብሮ አደጌ ጌዶ ከተማ ሚስት አገባ። የሚስቱ ቤተሰቦች በነቀምቱ መንገድ ዳር ክፍል ነበራቸውና እዚያው ጌም ቤት ከፈተ። መቀናጆው የሚፈርስ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ለደንዲው አባት ደውሎ አስፈቀደ፤ ተራው ከሳምንት ወደ ወር ከፍ አለ፣ ሌላው ደንብ እንዳለ ቀጠለ። ባለቤቱ ራሱ ነው የሚረከበው፣ ባለቤቱ ራሱ ነው የሚያደርሰው። ስለዚህ ወር በሞላ ቁጥር አብረን ሚኒባስ ውስጥ እንቀመጣለን፤ እሱ ማሽኑን፣ እኔ ሃርዱን ጭናችን ላይ ይዘን። ተራው የሱ ሲደርስ እሱ አምቦ መጥቶ ማሽኑን ይወስዳል፣ እኔም ሃርዱን ይዤ እከተለዋለሁ። ተራው የኔ ሲሆን ደግሞ ተገላቢጦሽ። ጉደር ላይ መኪናው ሲቆም ሙዝ እንገዛለን። ኔትወርክ በጠፋባቸው፣ መንገዱም በሚያስፈራባቸው ወራት ሳንገናኝ እንከርም ነበር፤ ያኔ ዕቃው እጁ ላይ ለቀረው ሰው ተራው እንዲሁ ይራዘምለታል።

አንድ ቀን በሱ ተራ ከጌዶ ደወለ።

«በሬህ አልተነሳም» አለኝ።

በማግስቱ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። ሃርዱ ሲሰካ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ጸጥ። የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። የጨዋታዎቹ ቅጂ የጥገና ሱቄ ኮምፒውተር ላይ ስላለ የጠፋ ነገር አልነበረም፤ የሞተው ሃርዱ ብቻ ነው። ሌላ የምገዛበት አቅም ግን በዚያ ሰሞን አልነበረኝም፤ የሱቅ ኪራይና የእናቴ ሕክምና ጨርሰውኝ ነበር። እሱም ይህን ያውቃል። ጌዶ ውስጥ ደግሞ ትልቅ ሃርድ ያለው አንድ ሰው አብረን እንሥራ እያለ ሲጨቀጭቀው እንደከረመ ራሱ ሚኒባስ ውስጥ ነግሮኛል።

ስለዚህ እሱ ሳያፍር ልቅደመው ብዬ «ደንቡ ግልጽ ነው» አልኩት። «የኔ በሬ ሞቷል። ከሰውየው ጋር ጥመድ፣ ነውር የለውም።»

«ቶሌ» አለ፤ እሺ ማለት ነው።

እውነት ለመናገር እንዲከራከረኝ ፈልጌ ነበር። የሞተውን ሃርድ በኪሴ ይዤ ብቻዬን ወደ አምቦ ተመለስኩ፤ ሃርዱ ያለ ማሽኑ ሲሳፈር የመጀመሪያው ነው። ጉደር ላይ ሙዝ አልገዛሁም። ከእንግዲህ የምንገናኝበት ምክንያት ምንድነው? እሱ ጌዶ ሚስትና ሥራ አለው፤ እኔ አምቦ። ሰው «እንዴት ነህ» ለማለት ብቻ ያን ያህል መንገድ ስንቴ ይመጣል? እናቴ ምን ሆነሃል ስትለኝ ሃርዱ ተበላሸ አልኳት፤ ለሃርድ ነው እንዲህ የምትሆነው ብላ ታዘበችኝ።

ተራዬ በሚገባበት እሁድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። አብሮ አደጌ ነው፤ ማሽኑ በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ክንዱ ሥር አለ። ሰላም ሳይለኝ ገባ። ማሽኑን አኖረና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ልቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን ገጥሞ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ መሬት መሬት እያየ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ።

እንዳልስቅ ታገልኩ፣ አልሆነም። እሱም ሳቀ።

«ምን ልታደርግ ነው ያመጣኸው? የምጠምደው የለኝም» አልኩት።

«ተራው ያንተ ነው» አለ።

«በሬው ሞቷል እኮ።»

«በሬው ሞተ እንጂ ተራው አልሞተም።» ከጃኬቱ ኪስ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ ሃርድ ዲስክ አወጣና በርጩማው ላይ አኖረው። «ይሄ ወይፈን ነው፤ ገና አልተገራም። መግራቱን አንተ ነህ የምታውቀው።»

«የማን ነው?»

«ያንተ ነዋ። እኔ ማሽን አለኝ፤ አንድ ሰው ሁለት በሬ ካለው ምን መቀናጆ ያስፈልገዋል?»

«የጌዶውስ ሰውዬ?»

«እሱ ጉደር ላይ ሙዝ አይገዛም» አለኝ።

ላፕቶፔን ከፈትኩና ወደ ሥራው ገባሁ። ሃርዱን በአሮጌው ፎርማት አሰናዳሁ፣ ፎልደሩን በትልልቅ ፊደል ሰየምኩ፣ ሱቄ ሄጄ ያመጣሁትን ቅጂ መጫን ጀመርኩ። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ትልልቆቹን ፋይሎች ቆረጠ፤ አሁን ከኔ ይፈጥናል። ሁለቴ መብራት ሄዶ ሁለቴ ከመሃል እንደገና ጀመርን። ስንጨርስ ማሽኑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዘ፣ ወይፈኑን በቀኝ በኩል ጠመደው። ዝርዝሩ ወጣ። ትከሻዬን በጡጫ መታኝ። ያንኑ የኳስ ጨዋታ ከፈትንና ጆይስቲክ ተካፈልን።

ከዚያ እንደ ልማዱ ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን ዘጋ።

እናቴ ከጓዳ ሆና ስታዳምጠን ኖራለች። «ምነው ጸጥ አላችሁ?» ብላ ጠራችን። «ድምፁን ልቀቁት እንጂ። ሰው የሞተበት ቤት አስመሰላችሁት።»

አብሮ አደጌ ሪሞቱን እንደያዘ ቀረ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የዘጋው ለኔ እንዳልሆነ፣ ያን ሁሉ ዓመት ለሷ እንደነበር ያን ጊዜ ተረዳሁ። ዞሮ አየኝ፣ ልክፈተው ወይ እንደማለት። እኔም ራሴን ነቀነቅኩለት። ይህኛውን መነቅነቄን በደንብ አስታውሳለሁ።